ሎሳሊኒ ያልሠራችው ሳጥን

«እርግጠኛ ነሽ?» ስትል ስላመጣሁላት ካሳቫ መስሎኝ፣ «ዛሬ ነው የቀቀልኩት» አልኳት። ጎረቤቴ ሎሳሊኒ ግን የኮምፒውተሯን ስክሪን ነበር የምታነበው። ከሱቫ ወደብ ለሚነሱ መርከቦች የተሳፋሪ መመዝገቢያ ገጽ ትሠራለች። መጠየቂያ ሳጥን ስክሪኑ ላይ መውጣት ያለበት የማይመለስ ነገር ሊደረግ ሲል ብቻ ነው ብላ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍታዋለች።

ሳጥኑ «ሴሚን ከተሳፋሪዎች ላጥፋ? እርግጠኛ ነሽ?» ይላል። ሴሚ ባሏ ነው፤ ጠዋት ወደ ካንዳቩ ደሴት ተሳፍሯል።

«ገጹ ገና ሙከራ ላይ ነው፤ የማንንም ስም አላስገባሁም» አለች። «ይሄን ሳጥንም አልሠራሁትም።»

«‹አይ› በይዋ! እቤት ሲሆን እኮ እንዲህ አትሳሺለትም» አልኳት እየሳቅኩ።

«አይ» የሚለውን ተጫነች። ሌላ ሳጥን ወጣ፦ «በምትኩ ማንን?»

ሳቄ ጠፋ። ሎሳሊኒ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ ኡናይሲ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «የአባትሽ ስም ማን ነበር?»