በሩ የማያውቀው ሆድ

በራችን ቁልፍ የለውም። እንደ ከተማው በር ሁሉ ትንፋሻችንን አሽትቶ፣ በሆዳችን ባሉት ጥቃቅን ተህዋስያን ለይቶን ይከፍታል። እናቴን ቀብሬ ከሰላሌ ስመለስ ግን ተነፈስኩበትና "እንግዳ" አለኝ።

ደገምኩ።

"እንግዳ። በሦስተኛው ሙከራ ጥበቃ ይጠራል።"

"እንግዳስ አንተ!" አልኩት። ይህንንም እንደ ሦስተኛ ትንፋሽ ቆጠረው።

ባለቤቴ ደምሰው ከውስጥ ሰማኝ። በሩ አንዴ እንግዳ ካለ ከውስጥም አይከፈትም።

"አስካለ፣ ምን በልተሽ ነው?"

"የእማዬን እርጎ። ሰባት ቀን ሙሉ።"

ወይራ ከታጠነው ቅሏ፣ በእጇ ያረጋችውን የመጨረሻውን። ለዓመታት ሲነፋኝ የኖረ ሆዴ ጸጥ ያለው እዚያ ነው። የተረፈውን በጠርሙስ ይዣለሁ።

ደምሰው በበሩ ሥር አንድ ክኒን አንሸራተተልኝ። "በእናትሽ ዋጪው። ያለውን ጠርጎ የከተማውን ይተክልልሻል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያውቅሻል።"

"የእማዬስ?"

በደረጃው በኩል የጥበቃ ጫማ ተሰማኝ።

"እማ?" የሦስት ዓመቷ ልጃችን ሚልኪ ወለሉ ላይ ተኝታ ጣቶቿን በክፍተቱ አወጣች።

ጠርሙሱን ከፍቼ እርጎውን ጣቶቿ ላይ አፈሰስኩት። ጣቶቿ ተመለሱ፤ ስትልስ ሰማኋት።

"ምን ሰጠሻት?" ደምሰው ጮኸ።

"የአያቷን።"

እንደገና ጣቶቿን ላከች። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ሰጠኋት። ከዚያ ጥበቃው ሳይደርስ ክኒኑን ዋጥኩ።

በሩ የልጅን ትንፋሽ የሚጠይቀው ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ እማዬ አራት ዓመት ቤቴ ትቀመጣለች።