የተቸነከረው መስኮት

“ችግሩ መስኮቱ ላይ አይደለም እህቴ… ችግሩ አንቺ ውስጥ ነው!”

ይህን ያለው የላውንደሪው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው… ቬንትሌተር ሥር ተቀምጦ።

የተባለችው ደግሞ ልብስ ተኳሽ ናት። ዘጠኝ ዓመት ቆማ የተኮሰች… በዚያ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ የወደቀች።

“ዶክተር፣ መስኮታችን በሚስማር ተመትቷል። በዚህ እንፋሎት ውስጥ ሰው መሥራት አይችልም።”

“አየሽ? ‘አይችልም’ አልሽ! እስከ አራት እየቆጠርሽ አየር ሳቢ… ያዢ… ልቀቂ።”

“የቱን አየር?”

አልሳቀም። ጻፈ።

ሠራተኞቹ “አቶ ተንፍሱ” ይሉታል። ድርጅቱ ሚስማር ከሚነቅል እሱን ቀጠረ።

በሦስተኛው ቀጠሮ “ለሥራው ብቁ ናት” ብሎ ካልፈረመላት… መባረሯ ነው።

ታዲያ በመሃል የአቶ ተንፍሱ ቢሮ ቀለም ሊቀባ ሆነ። ለጊዜው ከተኳሾቹ ጎን ያለችው ክፍል ተሰጠችው። የዚያችም ክፍል መስኮት ተቸንክሯል።

ሃያ ደቂቃ አልሞላውም…

ከረባቱን እየፈታ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ!

“ዶክተር፣ እስከ አራት ይቁጠሩ እንጂ!” አለች አንዷ አጣቢ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከሰዓት አናጢ መጥቶ መስኮቱን ከፈተለት። የእሱን ብቻ።

“የእኛስ ወንድሜ?” አለችው ተኳሿ።

“እኔ የታዘዝኩት ይሄን ነው። እንኪ፣ የታዘዝኩበትን ወረቀት አንብቢው።”

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

ሦስተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ፋይሏ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ያለችው ቃል በቃል ሰፍሯል፦ “በዚህ እንፋሎት ውስጥ ሰው መሥራት አይችልም።”

ከጎኑ በቀይ፦ “የማጋነን ባሕርይ።”

እሷም አናጢው የሰጣትን ወረቀት አወጣች። ባለሙያው ራሱ ለሥራ አስኪያጁ የጻፈው ማመልከቻ ነው። ስድስት ቃል…

“በዚህ እንፋሎት ውስጥ ሰው መሥራት አይችልም።”

“ዶክተር… ይህን የጻፈው ሰውዬስ ያጋንናል?”

ወደ ተከፈተው መስኮት ዞረ። ውሃ ጠጣ።

ፈረመላት።

ማመልከቻውን ግን አልመለሰችለትም። በማግስቱ ከእሱ ፊርማ ሥር ተኳሾቹ በሙሉ ፈርመውበት ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባ።

መልሱ ቶሎ መጣ፦ “ለተኳሾች በሙሉ የአተነፋፈስ ሥልጠና ተፈቅዷል።”

ወይ እውቀት!

ትምህርቱ፦ ባለ ከረባት ሲያልበው መስኮት ይከፈታል፤ ተኳሽ ሲያልባት ፋይል ይከፈትባታል። ጭንቀት የሚታከም ነገር ነው… ሚስማር ግን በምክር አይነቀልም!

እናንተስ… “ችግሩ አንተ ውስጥ ነው” ብሎ የሸኛችሁ ሰው፣ የተቀመጠበት ክፍል መስኮት ነበረው? እስቲ ኮሜንት ላይ ተንፍሱ…