ከኋላዬ የምታነበው

ማንበብ አልችልም፤ ጣቴ ግን ከማንም ጣት ይፈጥናል። ስልክ ላይ የምጫወተው ጨዋታ አንድ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ብልጭ ሲል ሳይጠፋ መንካት ነው፤ ዓይኑን ያነሳ ተቃጠለ። ዛሬ የምራቴን ውጤት ካልሰበርኩ ሰው አይደለሁም ብዬ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እሷም እንደ ልማዷ ከኋላዬ መጥታ ተጫዋቾች የጻፉትን አስተያየት ታነብልኝ ጀመር።

«‘በጣም ይፈጥናል፤ ጣቴ ደነዘዘ።’»

«ደንዛዛስ ራሱ ነው!» አልኩ፣ ዓይኔን ከነጥቡ ሳልነቅል።

«‘ምንም የለውም፤ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም።’»

«ሥራ ፈት! ቀጥዪ።»

«‘ከኋላዬ የምታነብልኝ እህቴ መስላኝ ነበር።’»

«ይሄስ የለየለት ፈሪ ነው» ብዬ ሳቅሁ። የምራቴን ውጤት ልደርስበት ምንም አልቀረኝም።

የውጭው በር በቁልፍ ተከፈተ።

«ይቅርታ እማዬ፣ ታክሲ አጥቼ ቆየሁ» አለች ምራቴ፣ ከበሩ በኩል። «ብቻዎን ሰለቸዎት አይደል?»

ቀጥሎ የያዘችው ፌስታል ከእጇ ወደቀ፤ ሽንኩርቱ እግሬ ሥር ድረስ ተንከባለለ። ነጥቡ ብልጭ አለ፤ ነካሁት።

ጆሮዬ ሥር፣ በዚያው በምራቴ ድምፅ፣ ንባቡ ቀጠለ።

«‘የተቃጠልኩት ዞር ስል ነው።’»