ያዛጋ ይውጣ

«የተቀመጠች ቀረች» አለ አሰልጣኝ ክንዴ፤ እሱ ራሱ ጥላ ስር ከተቀመጠ ቆይቷል።

ፋናና ሶስና በግራና በቀኝ በሚጨሱት የከሰል ክምሮች መሀል ፊት ለፊት ቆመው፣ የቴኒስ ኳሷን መሬት ሳያስነኩ በራኬት ይቀባበላሉ። ሁለቱም ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበዋል። የፋና ላብ ካልሲዋ ድረስ ወርዷል፤ የሶስና ፊት በርበሬ መስሏል።

ከሁለቱ አንዷ በሚቀጥለው ሳምንት ለውድድር ሰመራ ትወርዳለች። የክለብ ሰዎች እዚያ መጥተው ያያሉ፤ ዓይናቸው የገባችውን አስፈርመው ደመወዝተኛ ተጫዋች ያደርጓታል። አምና የሄደችው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ጥሏት በቃሬዛ ወጣች፤ ክንዴም የከተማው መሳለቂያ ሆኖ ከረመ። የቆሰበር ልጅ ብርድ እንጂ ሙቀት የት ታውቃለች። ዘንድሮ ታዲያ መላ አመጣ። አውስትራሊያ ውስጥ የሚደረገውን ውድድር በዲኤስቲቪ አይቷል፤ ትልልቆቹ ተጫዋቾች በረዶ በፎጣ ጠቅልለው አንገታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ቀደም ብለውም ሙቀት ውስጥ እየሮጡ ሰውነታቸውን ያለማምዳሉ አሉ።

«በረዶ የምሰጣችሁ የለኝም» አላቸው ጠዋት። «ሙቀት ግን የፋና አባት ጓሮ ሞልቷል።»

የፋና አባት ደርበው ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ የሚያድር ሰው ነው። ፋና እንጨቱ ሲከመር፣ ሣርና አፈር ሲለብስ፣ ከውስጥ ሲጤስ እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ ቦታ ምረጡ ሲባሉ መጀመሪያ ያየችው ነፋሱን ነበር። ከጀርባዋ እንዲመጣ አድርጋ ቆመች። ለሶስና የተረፋት ጭሱ ወርዶ የሚተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ነው።

ክምሮቹ ሊበስሉ ስለተቃረቡ ጭሳቸው ስስና ሰማያዊ ሆኗል፤ ላላወቀ ሰው ከቁብ አይቆጠርም። ክፉው ግን እሱ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ይኸ ደግሞ እያስተኛ ነው የሚወስድ» ይላል ደርበው። ከክምር ዳር ያዛጋ ሰው፣ ሹምም ይሁን እንግዳ፣ በብብቱ ተይዞ ይወጣል። በዚያ ጓሮ የማይሻር ሕግ ቢኖር ይኸው ነው።

ሶስና አዛጋች።

ፋና አየች። ኳሷንም መለሰችላት። እግሯ ላይ ያለው ጫማ እንኳ ሶስና አምና የሰጠቻት ነው።

«እንቅልፍሽን ሳትጨርሺ ነው እንዴ የመጣሽ?» አለ ክንዴ ከጥላው።

«ኧረ እኔንጃ አሰልጣኝ፤ ራሴን ያዞረኛል» አለች ሶስና፤ ሳቅ እያለች ነው የምትናገረው።

ክንዴ ወደ ፋና ዞረ። «አንቺ የከሰል ልጅ ነሽ፤ ምን ሆና ነው?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጭስ ነው ብትል ቦታ ቀይሩ ይላል፤ ቦታ ከቀየሩ ሶስና ታሸንፋለች። ሶስና የተሻለች ተጫዋች መሆኗን በቆሰበር የማያውቅ የለም፤ ከሁሉም በላይ የምታውቀው ፋና ናት።

«ሙቀት ነው» አለች።

ቀጣይዋን ኳስ ሆን ብላ ዝቅ አድርጋ መታቻት። ሶስና ልትደርስባት ጎንበስ እንዳለች ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ራኬቷ ከእጇ ወደቀ።

«በቃ፤ ፋና ትሄዳለች» አለ ክንዴ።

ፋና ደስ አላት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጓደኛዋ እፊቷ ወድቃ እያየቻት ልቧ በደስታ ዘለለ። ከዚያ በኋላ ነው ልታነሳት የተንቀሳቀሰችው፤ ክንዴ ግን ከጥላው ሆኖ በእጁ ምልክት አገዳት።

«ተያት። ሙቀት ከሆነማ እዚያው ትልመደው። ተጠባባቂ አይደለች?»

ሶስና እንደገና አዛጋች። አንገቷ ወደ ደረቷ ዘመመ፤ ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ እንደቀረ ነው። ፋና አፏን ከፈተች። አሁን ብትናገር ከመጀመሪያውም ታውቅ እንደነበር ሊታወቅ ነው፤ ሰመራም ሊቀር ነው። አፏን ዘጋችና የተበተኑትን ኳሶች መልቀም ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የምትለቅመው።

ደርበው ውሃ ቀድቶ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ሶስናን ሲያይ ጀሪካኑን እንደያዘ ሮጠ። በብብቷ ይዞ እየጎተተ ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ ላይ አጋደማት፤ ሹራቦቿን ገፈፈ፣ ጉንጯን በጥፊ ጠፈጠፋት፣ ውሃ አፈሰሰባት። ብዙ ቆይታ አስመለሳት፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«ምን አገኛት ጋሽ ደርበው?» አለ ክንዴ ተከትሏቸው መጥቶ። «እዚያ በኩል ትቁም ያልኳት እኔ አይደለሁም። ቦታውን ራሳቸው ናቸው የመረጡት።»

ደርበው ጭሱ የሚሄድበትን አየ። ሶስና የቆመችበትን ጎድጓዳ አየ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በጫማ የተረገጠውን መሬት አየ። መጨረሻ ላይ ልጁን አየ፤ ፋና ዓይኗን ሰበረች።

«ሙቀት ነው» አለ ደርበው። «የከተማ ልጅ አይችለውም።»

ክንዴ እፎይ አለ። ሶስናን ደግፎ ወደ መንገድ፣ ባጃጅ ወደሚገኝበት ይዟት ሄደ። ሶስና እየተጎተተች ዞር ብላ «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት፤ ድምፅዋ በደንብ አልወጣም።

ፋና ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቋል። አባቷ አጠገብ ሄዳ እንደ ልጅነቷ መዳፎቿን ገጥማ ዘረጋች።

ደርበው ጀሪካኑን አነሳ። ፊቷን ሳያይ የተረፈውን ውሃ ከእጆቿ አጠገብ መሬት ላይ ደፋው፤ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ አካፋውን አንስቶ ወደ ክምሩ ሄደ።