ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

የማራቶኑ ሠላሳኛ ኪሎ ሜትር ላይ ቀይ ክር የታሰረበትን ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ላጥ አድርጎ ተጎነጨ። አሁንም ውሃ! ያለፉት ሁለቱም እንዲሁ ባዶ ውሃ ነበሩ። ኃይል ሰጪውን ዱቄት ትናንት ቤቱ በገዛ እጁ በጥብጦ ሞልቷቸው ነበር። ጠርሙሶቹን ከቤት ወስዶ ለአዘጋጆቹ ያስረከበለት ደግሞ አሁን ጎን ለጎን አብሮት የሚሮጠው የልምምድ ጓደኛው መርዕድ ነው።

የመንገዱ ዳር ዳር ጥቁር ጥቁር እያለ ይታየው ጀመር። ነገሩም ገባው።

«ፊትህ ልክ አይደለም። እንካ፣ ኃይል ሰጪ ጄል አለኝ» አለ መርዕድ፣ ትንሿን እሽግ በጥርሱ ቀዶ እየዘረጋለት።

«ውሃ ማጠጣትህ አንሶ ደግሞ ምን ልትግተኝ ነው?»

በክርኑ ገፈተረው። መርዕድን የመንገዱ ጠርዝ አደናቀፈውና ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱ ቋ ሲል ተሰማ። እሱ ግን ዞሮም አላየ።

ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ተዘረረ። ዓይኑን ሲገልጥ የሕክምና ድንኳን ውስጥ ነው። ከአጠገቡ ባለው አልጋ መርዕድ እግሩ ታስሮ ያቃስታል። የራሱ እናት ደግሞ የእሱን ግንባር እየዳበሰች ታለቅሳለች።

«ምነው ልጄ፣ ያንን የፈረንጅ ዱቄት ደፍቼ ጠበል የሞላሁልህ እንዲህ እንዳትሆንብኝ አልነበር? አልጠጣኸውም እንዴ?»