ቡላው የተጫነ ዕለት

መልካሙ ሆስፒታል ሲደርስ ይተርፋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ክንዱ ተሰብሯል፤ የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ ፊቱ ከማበጡ የተነሳ ዓይኑ አይታይም። ያከመው ሐኪም፣ «ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ብዙ እጅ ነው ያረፈበት» አለ።

መልካሙ ሆሳዕና ላይ የንግድ ምክር ቤት ባለሙያ ነው። ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው ጊምቢቹ እንሰት የሚፍቁ ሴቶችን በማኅበር አደራጅቶ፣ ቡላቸውን ያለ ደላላ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንዲሸጡ ያደረገው እሱ ነው። ማን ማኅበሩ ውስጥ እንደሚገባ፣ የማን ቡላ እንደሚጫን የሚወስነውም እሱ ነበር። የተደበደበው እዚያው፣ ከማኅበሩ መጋዘን ጓሮ ነው። ሴቶቹ ሁሉ አጠገቡ እንሰት ሲፍቁ ውለው አንዲቷም ጩኸት ሰማሁ አላለችም።

«ፈርተው ነው» አለች ትርሲት። የመልካሙ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው።

ማንን እንደፈሩም አልጠፋትም። ፈትሁዲን የጊምቢቹ የቡላ ደላላ ነው። ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዞበታል። ምክር ቤቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ተነስቶ፣ «ይሄ ልጅ እጁን ይሰብስብ! አለዚያ አንድ ቀን ይሰበርለታል» ብሎ ነበር። መልካሙን በአይሱዙው ጭኖ ሆስፒታል ያደረሰውም ራሱ ፈትሁዲን ነው። የጋቢናውን ደም ሲያጥብ ያዩ ሰዎች፣ «ደብድቦ ሲያበቃ ለማስመሰል ነው» አሉ። ትርሲትም አመነች።

ሆስፒታል ሄዳ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ማን ነው?» አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ፖሊሱ ውጭ ቆሟል። ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«ክስ አልፈልግም» አለ፤ ቃሉ ከጥርሱ ክፍተት እየሾለከ። «አንቺም ጊምቢቹ እንዳትሄጂ።»

«ሥራውስ? ይቁም?»

«ይቁም።»

ትርሲት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አለቀሰች። ያ ደፋር ሰው እንዲህ ሆኖ ይቅር? እንባዋን ጠርጋ በቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ ኃላፊ ወደ አቶ ኃይሉ ሄደች።

«በገበያው ቀን ጊምቢቹ እኔ እሄዳለሁ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ይገድሉሻል።»

«ይግደሉኛ!»

በገበያው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣውን የጭነት መኪና አስከትላ ጊምቢቹ ገባች። የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ሊሻን እየሮጡ መጥተው አቀፏት። ምራታቸው ጵርስቅላ ግን የምክር ቤቱን መኪና ገና ስታይ እንሰቱ ውስጥ ገብታ ተሸሸገች። የወረደችው ትርሲት ብቻ መሆኗን ካየች በኋላ ነው የተመለሰችው።

«ፈርታ ነው» አሉ እትዬ ሊሻን።

«አይዞሽ» አለቻት ትርሲት። «እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም።»

ጵርስቅላ አንገቷን ደፋች።

ጭነቱ ተጀመረ። ጫኝና አውራጆቹ ቡላውን እየተቀባበሉ ሲጭኑ ፈትሁዲን ዱላውን ይዞ ከገበያው መሐል ብቅ አለ።

«እህቴ፣ ለብቻሽ ላናግርሽ» አላት።

«እዚሁ ተናገር።»

ሴቶቹን ዞሮ አየ። «እዚህ አይሆንም። የመልካሙ ጉዳይ ነው።» ይህን ብሎ ክንዷን ያዛት።

ትርሲት መንጭቃ አመለጠችው። «እንደሱ ልታደርገኝ ነው? ሰዎች! መልካሙን የሰባበረው ይሄ ነው!»

ጫኞቹ ከመኪናው ዘለው ወረዱ። እንጀራ ያገኙት በመልካሙ ነው። የመጀመሪያው በቡጢ አፍንጫውን አለው። ፈትሁዲን ዱላውን ሳያነሳ ተንገዳገደ፤ ሁለተኛው በፌሮ ጉልበቱን ሲመታው አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ከወደቀ በኋላ በእርግጫ ተረባረቡበት። ሆዱን፣ ጎኑን፣ ራሱን። አቧራው ከደሙ ጋር ጭቃ ሆነ።

ትርሲት ከእጁ የወደቀውን ዱላ አነሳች። እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። የመልካሙ ያበጠ ፊት ዓይኗ ላይ መጣና አፉ ላይ አሳረፈችበት። ደገመችው። ደሙ እጇ ላይ ተረጨ።

«በቃ!» ብለው እትዬ ሊሻን ፈትሁዲን ላይ ተወረወሩ። «በቃ አልኩ! በፈጠራችሁ!»

ጫኞቹ አለከለኩ። እትዬ ሊሻን የሰውየውን ራስ ታፋቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ሊናገሩ ወደ ሕዝቡ ቀና አሉ። ፈትሁዲን ግን ቀሚሳቸውን ጨምድዶ ያዘና ራሱን ነቀነቀ። አይሆንም እንደማለት።

«አሁንም ይክዳል!» አለች ትርሲት።

የፈረስ ጋሪ መጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ሲጭኑት አይንቀሳቀስም ነበር። ሴቶቹ የቀረውን ቡላ ራሳቸው ጫኑ። መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ሆሳዕና ሲያቀና ትርሲት ቆማ አየችው። የመልካሙ ልፋት ሜዳ ላይ አልቀረም። ዛሬ ማታ ሄዳ ትነግረዋለች።

እትዬ ሊሻን በጆግ ውኃ ይዘው መጡና ያስታጥቧት ጀመር። ከጣቶቿ መሐል ደሙ ቀልቶ ይወርዳል። ከኋላቸው ጵርስቅላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች።

«አሁንማ ለምን ታለቅሳለች?» አለች ትርሲት። «አለቀ እኮ።»

«ልጄ» አሉ እትዬ ሊሻን፣ ውኃውን ማፍሰስ ሳያቆሙ፣ «መልካሙ እሷን መጋዘን ውስጥ ዘግቶ ሲታገላት ደርሰን የቀጠቀጥነው እኛ ሴቶቹ ነን፤ ፈትሁዲንማ ከእጃችን ነጥቆ ነው ያተረፈው፤ ዝም ያለውም የእሷ ስም እንዳይነሳ ብሎ ነው።»