የሬዲዮ ባል ማዳመጫ

ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ባሏ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ቅጽል ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳርሷል። ጠዋት ጠዋት አብረው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እሷ ስለ ደንበኞቿ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ እህቷ ልጆች ስታወራ እሱ ይስቃል። «ባትሪ የማይጨርስ ሬዲዮ አግብቼ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» ይል ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን «ለመንገድ ማዳመጫ ልገዛ ነው» ሲላት ክው አለች። ቢሆንም አብራው ሱቅ ሄደች።

ሻጯ አንዲት ትንሽ ኤርፎን አወጣች። «ጋሼ፣ ለመንገድ ይቺ ትሻልዎታለች። ኪስ ትገባለች፤ ጆሮ ውስጥ ሆና ደግሞ አትታይም።»

«ካልታየች ምን ትሠራልኛለች?»

ሬዲዮ ዞር ብላ አየችው። ይሄ ሰውዬ በሃምሳ ዓመቱ እዩኝ እዩኝ ማለት ጀመረ እንዴ? እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ማለቱ አይቀርም።

ሻጯ ወደ መደርደሪያው ዞራ ስለ ባትሪ ስታስረዳ፣ እሱ መስታወት ውስጥ ራሱን ያያል። በመጨረሻ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ቀይ ማዳመጫ አነሳ። «ቀኑን ሙሉ ቢደረግ ይቆረቁራል?» ብቻ ብሎ ጠየቀ። አይቆረቁርም ስትለው ጆሮው ላይ ደፋውና ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው። ይሄን እወስዳለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዘፈኑን ገና አልከፈትኩትም!»

ሻጯ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ሬዲዮ አልሳቀችም። ቀይ! በዚህ ዕድሜው!

ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ላይ ቀዩ ነገር መሃላቸው ገባ። እሷ ወሬ ትጀምራለች፤ እሱ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። መሃል ላይ ታቋርጣለች፤ እሱ አሁንም ይነቀንቃል። ትኬት ቆራጩ አንድ ቀን «እትዬ ሬዲዮ፣ ጣቢያ ተቀየረብዎት እንዴ?» ሲል አውቶቡሱ በሳቅ አውካካ። እሷም አብራ ሳቀች፤ እንባዋን ግን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ሌላም ነገር ነበር። ድሮ ቀን ቀን ይደውልላት የነበረው ሰው አሁን አይደውልም፤ ስልኩ ላይ ሲጽፍ ነው የሚውለው። ሲያፏጭ ጎረቤቶች «ባቡሩ መጣ» የሚሉለትን የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ውሃው አልቆ እስኪያር ይረሳዋል። «ልብህ የት ሄዶ ነው?» ብትለው «ሥራ ይዞኝ» ይላታል።

ሥራ! እሱ እኮ ጋራዡ «ሐኪሙ» የሚለው መካኒክ ነበር። የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ የመኪናውን ሕመም ይናገራል። ያንን ክብር ትቶ፣ በገዛ ፈቃዱ ጠይቆ ጎማ ክፍል ገባ። የጋራዡ ዘበኛ ሚስት እንደነገረቻት ደግሞ ጎማ ክፍል አዲስ ገንዘብ ተቀባይ መጥታለች። «ልጅቷ ስታምር ለጉድ ነው» ብላታለች።

ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ይባስ ብሎ ማታ ቤት ሲገቡ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ አፍ አፏን እያየ ያዳምጣታል። የበደለ ሰው ይለማመጣል፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ቅናት ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ያንገበገባት ድምፅዋ መጠላቱ ነው። ዕድሜ ልኩን የወደደላት እሱኑ ድምፅዋን ነበራ።

አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንደምንም አወጣችው።

«ከሰለቸሁህ ንገረኝ። እህቴ ጋ ልሂድልህ?»

ጠበቀች። ስትዞር ፈገግ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ነው። እጇንም ጨበጥ አደረጋት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ ስትስብ የማዳመጫው ካርቶን አብሮ ወደቀ። የባትሪ መሙያው ገመድ ከነፕላስቲኩ እንደታሸገ ነው። አሃ፣ እዚያው ጋራዥ ነዋ የሚሞላው! ማን እንደምትሞላለትም ገመተች። ልብሷን ጠቅልላ ጨረሰች።

ማዳመጫው አልጋው ላይ ተጥሏል። ከእሷ ድምፅ የተሻለውን ድምፅ አንድ ጊዜ ልትሰማው ፈለገችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ያሉትን ቁልፎች ሁሉ ተጫነች። ምንም የለም። ለእሷ ሲሆን ይሄም ዝም አለ! ሻንጣዋን በአንድ እጇ፣ ማዳመጫውን በሌላው ይዛ፣ ፊቱ ልትወረውርለት ወደ ኩሽና ሄደች።

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይጮኻል፤ ፉጨቱ ቤቱን ይዞታል። ጎረቤት ግድግዳውን እየደበደበ «ኧረ ባቡሩን አቁሙት!» ይላል። እሱ ለምድጃው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀምጧል። ሁለት ስኒ አቅርቧል፤ የእሷ ስኒ ውስጥ ስኳሩ ተጨምሯል።

«እሺ፣ ሄድኩልህ!» አለች በሩ ላይ ቆማ።

አልዞረም። ከፉጨቱ በላይ ጮኻ ደገመችለት። አሁንም አልዞረም።

መስኮቱ ላይ ጥላዋን ሲያይ ግን ዞረና ፈገግ አለ።

«ነይ ተቀመጪ» አላት። «እስኪያፏጭ እየጠበቅኩ ነው።»